ተራ በተራ ያሳረፍኳቸው ሁለቱ ሳጥኖች

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ፊደል የለየሁት በልጅነቴ ከአንድ ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ላይ ሳልደርስ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረድኩና በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሱኝ። የምነግራችሁ ነገር የሚያስመሰግነኝ አይደለም። ነገር ግን ከእኔ ሌላ በትክክል የሚያውቀው ስለሌለ፣ እኔው ልናገረው።

ጫኔ እባላለሁ። የተወለድኩት መተማ አጠገብ ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ሱዳን ምድር ነው። ፋሽጋ ካሉት ሰፋፊ እርሻዎች ባንዱ ሳጭድ ኖሬ ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ የውኃ ሞተር ጠባቂ አደረጉኝ። ሞተሮቹ ሁለት ነበሩ፤ ከኩሬው ውኃ እየሳቡ ለሠራተኛውና ለትራክተሩ የሚያደርሱ። የዚያ አገር ሙቀት ብረት ያዝላል። ስለዚህ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። ስትቀያይርም መጀመሪያ የጋለውን ታጠፋለህ፣ ከዚያ ያረፈውን ታስነሳለህ፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከገፉ ቧንቧው አይችላቸውም። በየእርሻው ሞተር ሲቃጠል የእኔዎቹ አልተቃጠሉም። ባለእርሻው ለእንግዳ ሳይቀር እያሳየ፣ ይህ ሰውዬ ሞተር እንደ ልጅ ያሳድጋል ይል ነበር። በሕይወቴ የተመሰገንኩበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ሲደክመኝ ገዳሪፍ ከተማ ገባሁና ሐጂ ኑሩ ዘንድ በጥበቃ ተቀጠርኩ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ገበያው ዳር የፎቶና የቪዲዮ ቤት አላቸው። የሰርጉም፣ የክርስትናውም፣ የኒካውም ምስል እዚያ ነው የሚቀናበረው። ጦርነቱ መጥቶ ከካርቱም ሰው ከፈለሰ ወዲህ ሥራው ጨመረ፤ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ምስሉን ማስቀረት ይፈልጋል መሰለኝ። የእኔ ሥራ ደጁን መጥረግ፣ ውኃ ማርከፍከፍና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማስነሳት ነው።

ያ ሁሉ ምስል የሚቀመጠው ከጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው መብራታቸውን ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። ሰርቨር ይሏቸዋል። በአንዱ የገባ ምስል ወዲያው በሌላው ይገለበጣል። የጄኔሬተሩ ማዞሪያ እዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ የክፍሏ ቁልፍ ከእኔ ዘንድ ነው።

ሳጥኖቹን የምታስተዳድረው ሰሚራ ናት። ወላጆቿ የኛ አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ አማርኛዋ መሐል ዓረብኛው ዘው ይላል። እኔን «አሚ» ትለኛለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ለብዙ ሱቆች ስለምትሠራ እኛ ዘንድ የምትመጣው ሰኞና ሐሙስ ነበር።

አንድ ቀን ሥራዋን ቆሜ ሳይ፣ «ና አሚ፣ ላሳይህ» አለችና የአንዱን ሳጥን ቁልፍ መብራቱ እስኪጠፋ ተጭና ያዘችው። ከዚያ ወደ ፊተኛው ክፍል አመለከተችኝ። እዚያ ሰዎቹ ሰርግ እየቆራረጡ ነው፤ ቀና ያለም የለ። «አየህ? አንዱ ሲተኛ ሌላው ይሠራል። ማንም አይነቃም» አለችኝ እየሳቀች። መልሳ አበራችው። ደስ አለኝ። እንደኔ ሞተሮች ናቸው ብዬ አሰብኩ።

ከዝናቡ በፊት ባለው የሙቀት ወራት የክፍሏ ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ሐጂ ዕቃ ከፖርት ሱዳን ይመጣል አሉ፤ መንገዱ ግን እንደምታውቁት ነው። አንድ ቀን ጄኔሬተሩን ላዞር ስገባ ክፍሏ ታፍናለች። መዳፌን ሳጥኖቹ ላይ ጣል አደረግኩ። ይፋጃሉ። አዘንኩላቸው፣ እውነቴን ነው። የአንዱን ቁልፍ ሰሚራ እንዳደረገችው ተጭኜ ያዝኩ። አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ሆነ። ዛሬ አንዱ ያርፋል፣ ነገ ሌላው። ጠዋት መጀመሪያ የሚሠራውን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ያረፈውን አበራለሁ። ሰሚራ በምትመጣበት ቀን ግን በማለዳ ሁለቱንም አበራቸዋለሁ፤ እንደተወቻቸው ታግኛቸው ብዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደማሰናዳት ያለ ነገር ነበር በልቤ። ለማንም አልተናገርኩም። ደብቄ አይደለም፤ ደጅ መጥረጌንም ለማንም አልናገርም።

ቆይቶ ከፊት ካሉት ሰዎች ጉርምርምታ ተነሳ። ትናንት ያስገባነው ምስል ዛሬ የለም ይላሉ። በማግሥቱ ደግሞ የጠፋው ይመጣና ሌላው ይሰወራል። የካሜራው ሠራተኛ ዑስማን የገዳሪፍ ልጅ ነው፤ ጂን ገብቶበታል፣ ሐጂ ቁርዓን ያስነብቡበት እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ ያለቀው የአንድ ሙሽራ ምስል ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሰሚራ ገመድ ለወጠች። ዲስክ ለወጠች። የተበከለ ነገር ገብቶ እንደሁ ብላ ከፊት ያሉትን ኮምፒውተሮች ሁሉ ፈተሸች። ምንም አላገኘችም። ጠፍቶ የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ በመጣች ቀን ነው። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም አንድ ሐሙስ ታገሱ ታገሱና አሏት፦

«ልጄ፣ አንቺ በመጣሽ ቁጥር ነው የሚጠፋው። ምንድን ነው የምትነካኪው?»

ፊቷ ጠቆረ። ስትወጣ በር ላይ አገኘኋትና እኔም በሽማግሌ ወግ መከርኳት። እጅሽን ረጋ አድርጊ፣ ዕቃ ችኮላ አይወድም አልኳት። እኔ ስንት ዓመት ሞተር ስጠብቅ አንድ አላቃጠልኩም ብዬ ጨመርኩበት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «መዓሌሽ አሚ» ብላኝ ሄደች፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

አሁን አያ ሙጬን ላንሳላችሁ። አያ ሙጬ የአገሬ ልጅ ነው፤ ፋሽጋ አብረን ነው ያጨድነው። እርጅናና የሳንባ በሽታ ተባብረው እዚሁ ገዳሪፍ ጣሉት። ከሰላ ያለች ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወዳ ሳትጠይቀው አግብታ ሄደች፤ አኮረፋት። በስልክም አጠር አጠር አድርጎ ነበር የሚያናግራት። በሽታው ሲብስበት፣ ጫኔ፣ አንተ ያለህበት ቤት ምስል ያነሳሉ አይደል አለኝ። ደግፌ አመጣሁት። ማክሰኞ ነበር፤ ያ ጉርምርምታ ገና አልተነሳም።

ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ካሜራውን ሲያይ ግን አልናገርም አለ። ፊት ከሌለው ነገር ጋር ምን ላውራ ነው የሚለው። ዑስማን አማርኛ አይሰማ፤ ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ ይጠብቃል። በመጨረሻ አያ ሙጬ፣ ጫኔ፣ አንተ ከኋላው ቁም፣ አንተን እያየሁ ልንገራት አለኝ። ቆምኩ። እኔን እያየ ለልጁ ተናገረ። ሲጨርስ እንባውን በጋቢው ጠርጎ፣ በል ውሰደኝ አለኝ። ዑስማን ምስሉን ወደ ሳጥኑ አስገባ፤ በሁለት ቦታ ተቀምጧል ብሎ የካሜራውን ካርድ ለሚቀጥለው ሰርግ አጠፋው። አሠራራችን እንዲህ ነበር።

አያ ሙጬ ብዙም አልቆየ። የቀበርነው እኛ ነን። ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ትርንጎ አልደረሰችም። ወደ ከሰላ በሚሄድ አንድ ሹፌር መልእክት ላክንላት፦ አባትሽ ድምፁን ገዳሪፍ ትቶልሻል።

መጣች። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከከሰላ አውቶቡስ ወርዳ ቀጥታ ወደ እኛ ቤት። ጥቁር ለብሳለች። ማልቀሱን መንገድ ላይ ጨርሳ የመጣች ትመስላለች። ሐጂ ራሳቸው ተነስተው አስቀመጧት፣ ሻይ አስመጡላት። ሰሚራ ምስሉን ልታወጣላት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች።

ፈለገች። እንደገና ፈለገች። ወደ ጓሮ ክፍል ገባች። የሰኞው አለ፣ የረቡዑ አለ። የማክሰኞው ቀን ባዶ ነው።

ትርንጎ ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች፤ ሻዩን አልቀመሰችውም። እኔ በር ላይ ቆሜ በልቤ ሰሚራን እወቅሳለሁ። ምን ዓይነት እጅ ነው ያላት እላለሁ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሰሚራ ጠራችኝ። ከሳጥኖቹ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ግንባሯ በላብ ርሷል። ሐጂም አጠገቧ ቆመዋል። ሳጥኖቹ የሠሩበትንና ያልሠሩበትን ጊዜ ራሳቸው ይመዘግባሉ አሉ፤ እሷ መቆራረጡን አይታው ኖራ፣ የገዳሪፍ መብራት ነው ብላ አልፋዋለች። ዛሬ ግን አንድ ነገር ቆረቆራት።

«አሚ፣ ጄኔሬተሩን የምታስነሳው አንተ ነህ። ትናንት ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

አልጠፋም አልኳት። ከትናንት በስቲያስ አለች። ያን ቀንም አልጠፋም፣ ቀኑን ሙሉ ነበር አልኳት። የጠየቀችኝን ነው የመለስኩ። እኔ ያሳረፍኩትን መብራት ጠፋ ብዬ ለምን ልናገር?

ወደ ሐጂ ዞረች። «ወላሂ ሐጂ፣ አንድ ሰው እየለያያቸው ነው። እኔ ከምመጣበት ቀን በቀር ሁለቱ አብረው ነቅተው አያውቁም።»

ሐጂ ምን ማለት ነው አሏት። እሷም ለእሳቸው ስትል ቀለል አድርጋ አስረዳች፤ እኔም በር ተደግፌ ሰማሁ። ሁለቱ ሳጥኖች የሚተማመኑት አብረው ሲውሉ ነው። አንዱ ያየውን ለሌላው ወዲያው ይነግረዋል። አንዱ ብቻውን ቢቀር ግን የቀረው እኔ ነኝ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ መብራት የማይታመንበት አገር ስለሆነ አንዱ ያለሌላው እንዲሠሩ ያዘዘቻቸው እሷ ናት። በማግሥቱ ያኛው ተኝቶ ይህኛው ብቻውን ቢነሳ፣ የትናንቱን ሳይሰማ እሱም እኔ ነኝ ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ይይዛሉ። ኋላ አብረው የነቁ ቀን ይገናኛሉ፤ የያዙት አይመሳሰልም። ያን ጊዜ በመጨረሻ የሠራው ይታመናል። ሌላው ብቻውን የያዘውን ጥሎ የእሱን ይገለብጣል።

የለያየኋቸው እኔ መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ገና አንድ ተስፋ ነበረኝ። «የጣለው የት ይሄዳል?» አልኳት።

«የትም አይሄድም አሚ። ላዩ ላይ ሌላ ይጻፍበታል። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሐጂ በቁጣ ዑስማንን ጥሩልኝ አሉ። ከፊት ካሉት አንዱ ተንኮል ሠርቶብኛል ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ይህ ሐሳብ አልመጣብኝም ብዬ አልዋሻችሁም፤ መጥቷል፤ ግን አጠገቤ ሊቆም አልቻለም። ሰሚራ መሬት ላይ ሆና ቀና ብላ እያየችኝ ነው። ያቺን የመከርኳትን ምክር አስታወስኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የማሳርፋቸው።»

ሐጂ አልገባቸውም። ምን አልክ አሉኝ። እጆቼን ዘርግቼ እንደ ልጅ ተናገርኩ። ጋሉብኝ። እንደ ውኃ ሞተሩ አደረግኳቸው። ዛሬ አንዱን፣ ነገ አንዱን። እሷ ስትመጣ ሁለቱንም አበራለሁ።

ሰሚራ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረና በክንዷ ዓይኗን ሸፈነች። «እኔ ነኝ ያሳየሁህ» አለች። «ቁልፉን ያሳየሁህ እኔው ነኝ።» ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው አናታቸውን ዳበሱ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆይተው ትርንጎን መብራት አበላሸው እንበላት አሉ፤ ለእኔ አስበው ነው። እንቢ አልኩ። ያ ሰው የተናገረው ወደ እኔ ፊት ነው፤ በመብራት ማሳበብ አልችልም አልኳቸው።

ወደ ትርንጎ ሄድኩ። ፊት ለፊቷ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጥኩም። ነገሩን ከእርሻው ሞተር ጀምሬ ነገርኳት፤ ረዘመብኝ፣ እሷ ግን አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የቀዘቀዘውን ሻይ መሬት አስቀመጠች።

«እና አባቴ የለም» አለች።

«የለም ልጄ። አጠፋሁት።»

ከገበያው የሪክሾዎች ጩኸት ይሰማል። ኋላ ቀና ብላ ጠየቀችኝ፦ «ሲናገር እዚያ የነበረው ማን ነው?»

ዑስማን ነበር፤ እሱ ግን አማርኛ አይሰማም አልኳት። ሌላው እኔ ነኝ። እኔን እያየ ነው የተናገረው።

«እንግዲያው ይንገሩኝ» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ያጠፋሁትን ነገር ደግሞ ከራሴ ላወጣ። እንዳላጎድል ፈራሁ፤ እንዳልጨምር ይበልጥ ፈራሁ። ሰሚራ በዝግታ ገብታ ካሜራውን ስታቆም አየኋት። ትርንጎን በዓይኗ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አያ ሙጬ በተቀመጠበት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

ምርቃቱ አልከበደኝም። ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ ብሎሻል አልኳት። ደጃፍሽን እንግዳ አይለየው ብሎሻል። እናትሽ የተቀበረችበትን ቤተ ክርስቲያን መንገዱ ሲከፈት ሳሚልኝ ብሎሻል። ከዚህ በኋላ ግን ክፉ ነገር ነበረው። ልዝለለው አልዝለለው አልኩ። በሐዘኗ ላይ ይህን መጨመር ምን ይጠቅማታል? አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከዚያ የጓሮው ክፍል ታሰበኝ። ለዕቃው አዝኜ፣ ደግ አደርጋለሁ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያጠፋሁት። አሁንም አዝኜላት ሌላ ላጠፋ ነው?

«ልጄ፣ የሚያስከፋም አለበት» አልኳት።

«ይናገሩት።»

«ያ ሹፌር ሳይጠይቀኝ ወስዶሻል፤ እስካሁን ሆዴ አልሻረም ብሏል። ሹፌር ወሬው ብዙ ነው፣ ካወራው ግማሹን እመኚው ብሏል። ጆሮውም ትልልቅ ነው ብሏል።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ገደልኳት ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቀች ነው፤ እንባዋም አብሮ ይወርዳል። «እሱ ነው» አለች። «አባቴ እሱ ነው። እስካሁን ሊያጽናኑኝ የሚፈጥሩት መስሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ድፍረት አገኘሁና ጨረስኩላት። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ብሏል አልኳት፤ በስልክ ስትስቂ ሰምቻለሁ፣ የምትስቂው እንደ እናትሽ ነው፤ የሚያስቅሽ ከሆነስ ይሁን፣ ምሬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መጨረሻ ላይ በልጅነትሽ የምጠራሽ ብሎ አንድ ስም ጠርቷታል። ስሙን ፈለግኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቱን አየሁት፣ ከንፈሩን አየሁት፣ ስሙ የለም። እዚህ ላይ ስም ጠርቶሻል፣ ከእኔ ጠፍቶብኛል፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

ስሙን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

በዚያው ከሰዓት አውቶቡስ ተመለሰች፤ ያ ቅጂ በስልኳ ውስጥ ነው። ምስሉ ላይ ያለው አባቷ አይደለም፤ አንገቱን የደፋ ሌላ ሽማግሌ ነው። ስትሄድ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሸሁ። አይገባኝማ።

ሐጂ አላባረሩኝም። ሰሚራን እኔ ባለሁበት ይቅርታ ጠየቋት፤ እኔም በር ላይ ለመከርኳት ምክር ጠየቅኳት። እሷ ጭራሽ እኔን ታጽናናኛለች። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ቅጂ በቤቷ ታስቀምጣለች፤ ሁለቱ ሳጥኖች ጥፋቱንም አብረው ይገለብጣሉና አብሯቸው የማይውል አንድ ያስፈልጋል ትላለች። የሳጥኖቹን ቁልፎች ደግሞ በክዳን ልትሸፍናቸው ነበር፤ ሐጂ ከለከሏት። አያ ጫኔ ሰው ነው፣ ዶሮ አይደለም ብለው። ለእኔ ክብር ነው ያሉት። ብትሸፍነው ግን ይሻለኝ ነበር።

እናንተ የምታነቡ፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ የመከርኩትን አይታችኋል። ይህን ብቻ ልበላችሁ። በማላውቀው ነገር ክፉ አላደርግም ብዬ እኖር ነበር፣ ክፉ ስለማላስብ። ደግ እጅም ጠይቆ መንካት እንዳለበት የገባኝ ጥርሴ ካለቀ በኋላ ነው። ያውም የሌላ ሰው አባት ከፍዬበት።

ማቀዝቀዣው እስካሁን አልመጣም። ጄኔሬተሩን ላዞር ስገባ ሳጥኖቹ ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ሙቀታቸው ከሩቅ ፊቴን ይመታኛል፤ መዳፌ ራሱ ይነሳል። እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ፣ ሰሚራ እስክትመጣ ደጅ እወጣለሁ።